ኩላሊትን የሚጠብቀው መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳልን? የሳርታኖች አሠራርና በዙሪያቸው ያለው ውዥንብር

ለደም ግፊት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች መካከል ስማቸው በ«ሳርታን» የሚያበቃውን ያህል እርስ በርሱ የሚጋጭ ወሬ የሚነገርባቸው ጥቂቶች ናቸው። ሎሳርታንን፣ ቫልሳርታንን፣ ካንደሳርታንን፣ ኢርቤሳርታንን፣ ቴልሚሳርታንንና የመሳሰሉትን በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በየዕለቱ ይወስዷቸዋል። ሐኪም «ለኩላሊትም ይጠቅማል» ብሎ ያዝዛቸዋል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ደግሞ ኩላሊት ላይ ችግር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደረገው የደም ምርመራም አንዳንድ ጊዜ የኩላሊት ሥራ ዝቅ ማለቱን ያሳያል። በ2018 የቫልሳርታን ክኒኖች በብዙ አገሮች ከገበያ ሲሰበሰቡ «ካንሰር ያመጣሉ» ተባለ። በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ሲነሣ ደግሞ «ለቫይረሱ መግቢያ ያበጃሉ» የሚል ስጋት ተሰማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ስጋቶች አንድ ላይ ሲነገሩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው። የኩላሊቱ ጉዳይ መድኃኒቱ ከሚሠራበት መንገድ የሚመነጭ ነው፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም የሚያመጣው ያው አንድ ሂደት ነው። የካንሰሩ ስጋት በዋናነት ከማምረቻ የመጣ ብክለት ነበር። የቫይረሱ ስጋት ደግሞ በቂ ምክንያት ያለው፣ ነገር ግን በኋላ ሲፈተን ያልጸና መላ ምት ነበር። ልዩነቱን ለማየት መድኃኒቶቹ ምን ላይ እንደሚሠሩ፣ ማለትም የአንጂዮቴንሲን ተቀባይ ምን እንደሆነ፣ መረዳት ያስፈልጋል።

ሰንሰለቱ ከኩላሊት ይጀምራል

በ1898 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ሮበርት ቲገርስቴትና ተማሪያቸው ፔር በርግማን ከጥንቸል ኩላሊት ያወጡትን ጭማቂ ወደ ሌሎች ጥንቸሎች ደም ሲያስገቡ ግፊታቸው ከፍ እንደሚል አስተዋሉ፤ ለዚህ ምክንያት የሆነውንም ንጥረ ነገር ሬኒን ብለው ሰየሙት። ግኝቱ ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ከቆየ በኋላ፣ በ1934 ሃሪ ጎልድብላት ወደ ውሻ ኩላሊት የሚገባውን የደም ቧንቧ በማጥበብ ብቻ ዘላቂ የደም ግፊት ማስከተል እንደሚቻል አሳዩ። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲያንሰው የመላ አካሉን ግፊት ከፍ የማድረግ ኃይል እንዳለው በዚህ ታወቀ።

ሂደቱ ዛሬ በዝርዝር ይታወቃል። ወደ ኩላሊት ማጣሪያዎች በሚገቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት የደም ግፊት መቀነሱን ወይም የጨው መጠን ማነሱን ሲረዱ ሬኒንን ወደ ደም ይለቃሉ። ሬኒን ኤንዛይም ነው፤ ኤንዛይም የሚባለው በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሬኒን ጉበት የሚሠራውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ቆርጦ አሥር አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ያሉትን አንጂዮቴንሲን 1ን ያስገኛል። ይህ በራሱ ብዙም ሥራ የለውም። በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጠኛ ገጽ ላይ በብዛት የሚገኘው የአንጂዮቴንሲን ለዋጭ ኤንዛይም ሁለቱን አሚኖ አሲዶች ሲቆርጥለት ግን አንጂዮቴንሲን 2 ይሆናል። ይህ ስምንት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሆርሞን በደም ውስጥ ግማሹ ለመፍረስ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፤ ሆኖም ሰውነት ካሉት የደም ሥር አጥባቂዎች መካከል ከብርቱዎቹ አንዱ ነው።

ይህ ሥርዓት የበሽታ ሥርዓት አለመሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ተገቢ ነው። ሰው ሲደማ፣ በተቅማጥ ፈሳሽ ሲያጣ ወይም ጨው ሲያጥረው የደም ግፊቱ ወድቆ እንዳይቀር የሚታደገው እርሱ ነው። ችግር የሚመጣው አደጋ በሌለበት ሲሠራ፣ ለጊዜያዊ መከላከያነት የተዘጋጀው ኃይል ለዓመታት ሳያቋርጥ የደም ሥርን፣ የልብንና የኩላሊትን ሕዋሳት ሲጎነትል ነው።

ሁለት ተቀባዮች፣ ተቃራኒ ጠባይ

ተቀባይ የሚባለው በሕዋስ ሽፋን ላይ ወይም በሕዋሱ ውስጥ ያለ፣ አንድን የተወሰነ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ቅርጹን ቀይሮ ለሕዋሱ መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው። አንጂዮቴንሲን 2 በሰው አካል ውስጥ ዋና ዋና የሆኑ ሁለት ተቀባዮች አሉት፤ ኤቲ1 እና ኤቲ2 ይባላሉ። ሁለቱም የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጡ፣ ጂ ፕሮቲን ከተባሉ መልእክት አስተላላፊዎች ጋር የሚሠሩ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ኤቲ1 359፣ ኤቲ2 ደግሞ 363 አሚኖ አሲዶች አሏቸው፤ ከዚህ ውስጥ የሚመሳሰሉበት ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው።

በደም ግፊት የምናውቀው የአንጂዮቴንሲን ሥራ ሁሉ ለማለት ይቻላል በኤቲ1 በኩል የሚያልፍ ነው። ሆርሞኑ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ፎስፎሊፔዝ ሲ የተባለ ኤንዛይም ይነቃል፤ በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም ይለቀቃል፤ የደም ሥሩ ጡንቻም ይኮማተራል። ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል ዕጢዎች ላይ ያው ተቀባይ አልዶስቴሮን የተባለውን፣ ሶዲየምን አስቀርቶ ፖታሲየምን የሚያስወጣውን ሆርሞን ያስለቅቃል። በአንጎል ውስጥ ጥማትን ይቀሰቅሳል፤ በነርቮች ጫፍ ላይ ልብንና የደም ሥርን የሚያጣድፉ ንጥረ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል። በዓመታት ሂደት የሚያስከትለው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ በልብና በኩላሊት ሕዋሳት መካከል ጠባሳ የሚመስል ጠንካራ ክር ይበዛል፣ የደም ሥሮች ግድግዳ ይደነድናል። የሳርታኖች ጥቅም የግፊት መለኪያው ከሚያሳየው ቁጥር ያለፈ ነው ሲባል የሚታሰበው ይህ ነው።

ኤቲ2 በጽንስ ወቅት በብዙ የአካል ክፍሎች ላይ ተትረፍርፎ ይገኛል፤ ከልደት በኋላ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የደም ሥርን እንደሚያላላና የሕዋስ መብዛትን እንደሚገታ ታይቷል። ሳርታኖች ኤቲ1ን ብቻ መርጠው ይዘጋሉ። ኤቲ1 ሲዘጋ ኩላሊት የሚደርሰው «በቃ» የሚል ምልክት ይቋረጣል፤ ሬኒን ይጨምራል፤ በደም ውስጥ ያለው አንጂዮቴንሲን 2ም ከበፊቱ ይበልጣል። ይህ የበዛ ሆርሞን ያልተዘጋውን ኤቲ2ን ስለሚያነቃ የሳርታኖች ጥቅም በከፊል ከዚያ ይመጣል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሐሳቡ ከሂደቱ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን በአዋቂ ሰው ላይ የኤቲ2 መጠን አነስተኛ በመሆኑና በታካሚዎች ላይ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባለመገኘቱ፣ እንደ ተረጋገጠ እውነት ባይነገር ይሻላል።

ከሳራላሲን እስከ ሎሳርታን

ተቀባዩን ለመዝጋት በ1970ዎቹ የተሞከረው ሳራላሲን የተባለው መድኃኒት የአንጂዮቴንሲን 2 ቅጂ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቂት አሚኖ አሲዶቹ ብቻ ተቀይረዋል። በመርፌ እንጂ በአፍ አይሰጥም ነበር፤ ከዚህም በላይ ተቀባዩን እየዘጋ በመጠኑ ራሱ ያነቃው ስለነበር ሬኒናቸው ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ግፊትን ከመቀነስ ይልቅ ይጨምር ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ በ1982 ይፋ ያደረጋቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች ተቀባዩን በደካማው፣ ግን መርጠው ይዘጉ ነበር። የአሜሪካው ዱፖንት ተመራማሪዎች እነዚህን መነሻ አድርገው ሞለኪውሉን በማስፋትና ቴትራዞል የተባለ፣ አራት ናይትሮጅኖች ያሉት ቀለበት በማከል በ1986 ሎሳርታንን ሠሩ፤ በ1995ም በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ይህ ቴትራዞል ቀለበት በኋላ በብክለቱ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ነው። የኤቲ1 ተቀባይ ቅርጽ በክሪስታል ጥናት የታየው በ2015 መሆኑን ስናስብ፣ መድኃኒቶቹ የተሠሩት የሚይዙት ፕሮቲን ምን እንደሚመስል ሳይታይ ነበር ማለት ነው።

በሳርታኖች መካከል ልዩነት አለ። ሎሳርታን በጉበት ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ከራሱ ከ10 እስከ 40 ጊዜ ወደሚበረታ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የሎሳርታን መጠን በደም ውስጥ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ፣ ከእርሱ የተገኘው ንጥረ ነገር ከ6 እስከ 9 ሰዓት፣ ቴልሚሳርታን ደግሞ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። ካንደሳርታንና ኦልሜሳርታን ተቀባዩን ከያዙ በኋላ የሚለቁት በዝግታ ነው፤ ሆርሞኑ ቢበዛም በቀላሉ አያፈናቅላቸውም። በቤተ ሙከራ ጎልቶ የሚታየው ይህ ልዩነት በታካሚው ክንድ ላይ ሲለካ ግን ጥቂት ነጥብ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዋናው ልዩነት መድኃኒቱን በየቀኑ በመውሰድና ባለመውሰድ መካከል ነው። መጠኑን እጥፍ ማድረግም በግፊት ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ዝቅተኛ መጠን ያለው የሚያሸና መድኃኒት ሲታከልበት ግን ውጤቱ በግልጽ ይጎላል፤ ሶዲየም ሲወጣ ሰውነት የሬኒንን ሥርዓት ስለሚያነቃና ሳርታኑ የሚዘጋው ነገር ስለሚበዛለት ነው።

ሬኒናቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች፣ ለምሳሌ ብዙ አረጋውያንና በአማካይ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ታካሚዎች፣ ሳርታን ብቻውን ሲሰጣቸው ግፊታቸው የሚወርደው ባነሰ መጠን መሆኑ ተደጋግሞ ታይቷል። አንዳንድ መመሪያዎች በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ታካሚዎች ሕክምናውን በካልሲየም ዘጊ ወይም በሚያሸና መድኃኒት መጀመርን ይመርጣሉ። ሌሎች ደግሞ የዘር ሐረግ የአንድን ሰው የሬኒን መጠን ለመገመት የሚያስችል አስተማማኝ መለኪያ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ለሚታይበት የኩላሊት ታማሚ ሳርታን ወይም የለዋጭ ኤንዛይም ዘጊ የሚሰጠው የዘር ሐረጉ ሳይጠየቅ ነው።

ከቀደሙት መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸሩ

ከሳርታኖች በፊት ይህን ሰንሰለት የሚገታው የለዋጭ ኤንዛይም ዘጊ የሚባለው ወገን ነበር። የመጀመሪያው ካፕቶፕሪል የተገኘው በብራዚል የሚገኝ ጃራራካ የተባለ እፉኝት መርዝን በማጥናት ሲሆን፣ በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለዋጭ ኤንዛይሙ አንጂዮቴንሲንን ከመሥራት ሌላ ብራዲካይኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያፈርሳል፤ ኤንዛይሙ ሲዘጋ ብራዲካይኒን ይከማችና በአንዳንዶች ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል፣ አልፎ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ እብጠት ያስከትላል። ሳርታኖች ኤንዛይሙን ስለማይነኩ ሳሉን አያመጡም፤ እብጠቱም በእነርሱ ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

ሳርታኖች ሲመጡ ከቀዳሚዎቹ ይበልጣሉ የሚል ተስፋ ነበር። ምክንያቱም ለዋጭ ኤንዛይሙ ቢዘጋም አንጂዮቴንሲን 2 በሌሎች ኤንዛይሞች በኩል መሠራቱ አይቀርም፤ ሳርታን ግን የመጨረሻውን በር ስለሚዘጋ ከየትም ቢመጣ አያሳልፈውም። በ2008 ውጤቱ የታወቀው ኦንታርጌት የተባለ ጥናት በ25,620 ሰዎች ላይ ቴልሚሳርታንን ራሚፕሪል ከተባለው የለዋጭ ኤንዛይም ዘጊ ጋር ሲያወዳድር ሁለቱ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና ሞትን በመከላከል እኩል ሆኑ። በ2004 የተነሣው «ሳርታኖች የልብ ድንገተኛ ሕመምን ይጨምሩ ይሆን?» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ በተሰበሰቡት ሰፊ ጥናቶች ድጋፍ አላገኘም። ስለዚህ ሳርታንን ለመምረጥ ጠንካራው ምክንያት የበለጠ ኃይል ሳይሆን ታካሚዎች በተሻለ የሚችሉት መሆኑ ነው።

የኩላሊቱ እንቆቅልሽ

አሁን ወደ ዋናው ውዥንብር እንመለስ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ የቀጫጭን የደም ሥሮች ጥቅል ሆኖ፣ ደም የሚገባበት አንድ ቧንቧና የሚወጣበት ሌላ ቧንቧ አለው። የውኃ ጎማ ጫፉ በጣት ሲጠብ በውስጡ ያለው ግፊት እንደሚጨምር ሁሉ፣ መውጫው ቧንቧ ሲጠብ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የሚጣራውም ፈሳሽ ይበዛል። አንጂዮቴንሲን 2 በኤቲ1 በኩል ከመግቢያው ይልቅ መውጫውን አብልጦ ያጠባል። ሰው ፈሳሽ ባጣ ጊዜ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ወደ ኩላሊት የሚመጣው ደም ቢያንስም ማጣራቱ አይቆምም።

በስኳር በሽታ ላይ ያው ጸጋ ጠላት ይሆናል። የስኳር መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል መግቢያው ይሰፋል፤ መውጫው እንደጠበበ ይቆያል፤ ማጣሪያውም ቀን ከሌት ከአቅሙ በላይ በሆነ ግፊት ይሠራል። በመጀመሪያ ፕሮቲን ወደ ሽንት ይንጠባጠባል፤ ቀጥሎ ማጣሪያዎቹ ይጠነክሩና አንድ በአንድ ይሞታሉ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ የመጀመሪያ ዘመን የሚደረግ የደም ምርመራ ኩላሊቱ እንዲያውም ከጤነኛው በላይ እንደሚያጣራ ሊያሳይ መቻሉ ነው።

ሳርታን ሲሰጥ መውጫው ቧንቧ ይላላል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የሚጣራው ፈሳሽም በመጠኑ ይቀንሳል። በምርመራ ወረቀት ላይ ይህ የክሬያቲኒን መጨመር ሆኖ ይታያል፤ ክሬያቲኒን ጡንቻ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ውጋጅ ሲሆን በደም ውስጥ ሲበዛ የማጣራት መቀነስ ምልክት ነው። ታካሚው ይህን አይቶ መድኃኒቱ ኩላሊቱን እያጠፋበት እንደሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ የግፊት መውረድ ራሱ መድኃኒቱ የተሰጠበት ዓላማ ነው፤ ማጣሪያው ከጭነቱ አረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬያቲኒን ከመነሻው እስከ 30 በመቶ ቢጨምርና ከዚያ ቢረጋ መድኃኒቱን አያቋርጡም። ጭማሪው ከዚህ ሲያልፍ ወይም መጨመሩን ሲቀጥል ግን ምክንያቱን መፈለግ ግዴታ ይሆናል።

ይህ ማብራሪያ በወረቀት ላይ ያማረ ብቻ እንዳልሆነ በ2001 የወጡ ሁለት ጥናቶች አሳይተዋል። ሬናል በተባለው ጥናት ዓይነት 2 የስኳር በሽታና የኩላሊት ጉዳት ያለባቸው 1,513 ሰዎች ከፊሎቹ ሎሳርታን፣ ከፊሎቹ ንጥረ ነገር የሌለበት አምሳያ ክኒን ወስደው በአማካይ ለ3.4 ዓመታት ሲከታተሉ፣ ሎሳርታን የኩላሊትን ጨርሶ መድከም በ28 በመቶ ቀነሰ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሞት ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በ1,715 ሰዎች ላይ የተደረገው ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ የሚያስተምር ነው፤ ኢርቤሳርታንን አምሎዲፒን ከተባለው የካልሲየም ዘጊ ጋር አወዳደረ። ሁለቱ ግፊትን የቀነሱት በተቀራራቢ መጠን ነበር፤ ሆኖም ኢርቤሳርታን በወሰዱት ላይ የክሬያቲኒን እጥፍ መሆን፣ የኩላሊት መድከም ወይም ሞት የመድረስ ዕድል ከአምሎዲፒን በ23 በመቶ ያነሰ ሆነ። በክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልመጣ ነበር።

ኩላሊቱ በጣም ከደከመ በኋላስ መድኃኒቱን ማቋረጥ የቀረውን ያድነው ይሆን? ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያስቡ ነበር። በ2022 የታተመ ጥናት የኩላሊት ድካማቸው የገፋ 411 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አስቋርጦ ግማሹን አስቀጥሎ ለ3 ዓመታት ሲከታተል፣ ማቋረጡ የኩላሊትን ሥራ እንዳላሻሻለ አገኘ።

ጉዳቱ እውን የሚሆነው መቼ ነው

ከላይ ያለው ሁሉ መድኃኒቱ ኩላሊት አይጎዳም ማለት አይደለም። አንጂዮቴንሲን ማጣራትን ደግፎ በያዘበት ሰዓት ድጋፉን መንጠቅ ማጣራቱን ያፈርሰዋል። በብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ወይም በሙቀት ፈሳሽ ያጣ ሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። ወደ ሁለቱም ኩላሊቶች የሚገባው የደም ቧንቧ የጠበበበት ሰው ደግሞ ዘወትር በዚህ ሁኔታ ላይ ይኖራል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በበኩላቸው የማጣሪያውን መግቢያ ክፍት የሚያደርጉትን ፕሮስታግላንዲኖች ስለሚቀንሱ መግቢያውን ያጠባሉ። የሚያሸና መድኃኒት ፈሳሹን ሲቀንስ፣ ማስታገሻው መግቢያውን ሲያጠብ፣ ሳርታኑ መውጫውን ሲያላላ በማጣሪያው ውስጥ የሚቀር ግፊት አይኖርም። ሦስቱን ደርቦ መውሰድ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም እንደሚያስከትል በሚገባ ይታወቃል፤ ማስታገሻዎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል።

ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ፈሳሽ በሚያሳጣ ሕመም ወቅት ሳርታን ለጥቂት ቀናት እንዲቋረጥና ሲሻል እንዲቀጥል ይመክራሉ። ይህን የሚቃወሙም አሉ፤ ምክሩ ጉዳትን እንደሚከላከል የሚያሳየው ማስረጃ ጥቂት ነው፣ ያቋረጡ ሰዎችም መድኃኒቱን ሳይመልሱ ይቀራሉ ይላሉ። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋው መመለሻው ጊዜ ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ሐኪሙ ማቋረጫውንም መመለሻውንም አስቀድሞ ከታካሚው ጋር ከወሰነ ስጋቱ በአብዛኛው ይቀልላል።

ሌላው ጉዳይ ፖታሲየም ነው። ኤቲ1 ሲዘጋ አልዶስቴሮን ይቀንሳል፤ ፖታሲየምም በደም ውስጥ ይቀራል። መጠኑ እጅግ ከፍ ሲል የልብን ምት ያዛባል። ኩላሊቱ የደከመ፣ አልዶስቴሮንን የሚገታውን ስፒሮኖላክቶን የሚወስድ ወይም በተለመደው ጨው ምትክ ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበትን ጨው የሚጠቀም ሰው የፖታሲየም የደም ምርመራውን ሊያስተጓጉል አይገባም።

በእርግዝና ወቅት ክልከላው ጽኑ ነው። የጽንስ ኩላሊት ለማደግም ሆነ ለመሥራት አንጂዮቴንሲን ያስፈልገዋል። ከእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወራት በኋላ ሳርታን ሲወሰድ የጽንሱ ሽንት ይቀንሳል፤ በአብዛኛው ከዚያ ሽንት የሚገኘው የእንሽርት ውኃም ይጎድላል፤ ሳንባውና የራስ ቅሉ በሚገባ ሳያድጉ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አከራካሪ ናቸው፤ የታየው ጉዳት ከመድኃኒቱ ይሁን ከእናቲቱ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለመለየት አዳግቷል። ማርገዝ የምታስብ ሴት ግን እንደ ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎል ወይም ኒፌዲፒን ወዳሉት እንድትዛወር ይደረጋል።

መደረብ ለምን አልሠራም

ለዋጭ ኤንዛይሙንም ተቀባዩንም አንድ ላይ መዝጋት ጥቅሙን እጥፍ ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ ለዓመታት ብዙ ሐኪሞችን ማርኳል፤ በሽንት ውስጥ ያለውን ፕሮቲንም በእርግጥ የበለጠ ይቀንስ ነበር። በኦንታርጌት ጥናት ግን ሁለቱን የወሰዱት ተጨማሪ ጥቅም ሳያገኙ የግፊት መውደቅና የኩላሊት ችግር በዛባቸው። በ2013 የታተመው ሌላ ጥናት ሎሳርታንንና የለዋጭ ኤንዛይም ዘጊውን ሊሲኖፕሪልን ሲደርብ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳትና የፖታሲየም መብዛት ስለታየ ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ሬኒንን በቀጥታ የሚዘጋውን አሊስኪረንን የደረበው ጥናትም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ሰውነት ለችግር ቀን የሚያስቀምጠውን መከላከያ ጨርሶ መንቀል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የተሳካው መደረብ ሌላ ዓይነት ነው። ሳኩቢትሪል የተባለው መድኃኒት ነፕሪላይሲን የተባለውን ኤንዛይም በመዝጋት ጨውንና ውኃን የሚያስወጡትን የልብ ሆርሞኖች ዕድሜ ያረዝማል። ይሁን እንጂ ነፕሪላይሲን አንጂዮቴንሲን 2ንም ስለሚያፈርስ፣ ብቻውን ሲዘጋ ጎጂው ሆርሞንም አብሮ ይበዛል፤ ስለዚህ ከቫልሳርታን ጋር ተጣመረ። በ2014 ውጤቱ የታወቀው በ8,442 የልብ ድካም ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጥምሩ ኢናላፕሪል ከተባለው የለዋጭ ኤንዛይም ዘጊ ጋር ሲወዳደር በልብ ሕመም መሞትን ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

የካንሰሩ ጥያቄ

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይቀላቀላሉ። የመጀመሪያው ተቀባዩን መዝጋት ራሱ ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ነው። በ2010 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንታኔ ሳርታን በወሰዱት ላይ 7.2 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 6.0 በመቶ አዲስ ካንሰር መታየቱን ዘግቦ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2011 ወደ 156,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያቀፉ 31 ጥናቶችን መርምሮ ልዩነት እንዳላገኘ አስታወቀ። ማስረጃው ከሁለተኛው ጎን እንደሚያመዝን መናገር ይቻላል።

ሁለተኛው የ2018ቱ ብክለት ነው። የቻይናው ዠጂያንግ ኋሃይ ኩባንያ የቫልሳርታንን ቴትራዞል ቀለበት የሚሠራበትን ኬሚካላዊ ሂደት ቀይሮ ነበር። በአዲሱ ሂደት ማሟሟያው ዳይሜቲልፎርማማይድ ከሶዲየም ናይትራይት ጋር ሲገናኝ ኤንዲኤምኤ የተባለ፣ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚገመት ንጥረ ነገር ተፈጠረ። የቁጥጥር ምርመራዎቹ ያልጠበቁትን ነገር ስላልፈለጉት ለዓመታት ሳይታይ ቆየ። የአሜሪካው አስተዳደር ግምት፣ 8,000 ሰዎች የተበከለውን ቫልሳርታን በከፍተኛው መጠን ለአራት ዓመታት በየቀኑ ቢወስዱ ከመካከላቸው አንድ ተጨማሪ ሰው በዕድሜ ዘመኑ በካንሰር ሊያዝ ይችላል የሚል ነበር። ኋላ ሌሎች ሳርታኖችም ተመርምረው አንዳንዶቹ ተሰበሰቡ፤ የኤንዲኤምኤ ገደብም በቀን 96 ናኖግራም ሆነ።

ይህ ችላ የሚባል ጥፋት አይደለም፤ አምራቾችም ተቆጣጣሪዎችም ሊጠየቁበት የሚገባ ነው። መድኃኒቱን ምትክ ሳይዙ ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነበረው፤ በካናዳ ኦንታሪዮ ከመሰብሰቡ በኋላ በነበረው ወር በደም ግፊት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሰዎች ጨምረው ተገኝተዋል።

የቫይረሱ መላ ምት

በ2000 የታወቀው ኤሲኢ2 የተባለ ኤንዛይም አንጂዮቴንሲን 2ን አፍርሶ የደም ሥርን ወደሚያላላ ንጥረ ነገር ይለውጣል። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ይህንኑ ኤንዛይም ይዞ ነው፤ ሳርታን በተሰጣቸው እንስሳት ላይ ደግሞ ኤሲኢ2 መጨመሩ ታይቶ ነበር። ከዚህ በመነሳት አንዱ ወገን ሳርታን በሽታውን ያከብዳል ሲል፣ ሌላው ሳንባን ከአንጂዮቴንሲን ጉዳት ስለሚያድን ይጠቅማል አለ። በብራዚል 659 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት መድኃኒቱን የቀጠሉትና ያቋረጡት ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ፤ ሎሳርታንን ለበሽታው ሕክምና የሞከሩት ጥናቶችም ጥቅም አላገኙም። ሁለቱም መላ ምቶች ወደቁ።

ቀጣዩ ምዕራፍ

ተቀባዩ ከሌላም አቅጣጫ እየተነካ ነው። በ2017 አንጂዮቴንሲን 2 ራሱ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ፤ በብርቱ ኢንፌክሽን ግፊታቸው ወድቆ ሌላ መድኃኒት ላልመለሰላቸው ሕሙማን በደም ሥር ይሰጣል። በ2023 ኤቲ1ንና የኢንዶቴሊን (የሌላ ደም ሥር አጥባቂ ንጥረ ነገር) ተቀባይን በአንድ ሞለኪውል የሚዘጋው ስፓርሰንታን ለአንድ የኩላሊት በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ከሁሉ ይበልጥ ክርክር የሚያስነሣው ግን በሙከራ ላይ ያለው ዚለቤሲራን ነው። ጉበት አንጂዮቴንሲኖጅንን እንዳይሠራ የዘረመል መልእክቱን በማጥፋት ሰንሰለቱን ከሥሩ ይቆርጣል፤ አንድ መርፌ ግፊትን እስከ ስድስት ወር ዝቅ አድርጎ ሊያቆይ እንደሚችል በሙከራዎች ታይቷል። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብዳቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ሳርታንን ፈሳሽ በጠፋ ጊዜ ማቆም፣ እርግዝና ሲታሰብ መለወጥ ይቻላል፤ በሰውነት ውስጥ ለወራት የሚቆየውን መርፌ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ኤቲ1 በዚህ ሕክምና ስለማይዘጋ፣ በአደጋ ጊዜ አንጂዮቴንሲን 2ን በደም ሥር በመስጠት ተቀባዩን በቀጥታ ማንቃት በመርህ ደረጃ መፍትሔ ይሆናል። ይህ የሚቻለው ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ነው፤ ከዚያ በራቀ ሥፍራ በተቅማጥ ለሚዳከም ታካሚ ምን እንደሚደረግ መመለስ ያለበት መርፌው በስፋት ከመሰጠቱ በፊት ነው።